የማይቀጠፍ አበባ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ድምፄን የምቀዳው ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ከኋላ የሚያጉረመርመው ፍሪጁ ነው፣ ይቅርታ። እንዳልነቅለው ውስጡ ሥጋ አለ።

ዛሬ ስለ አበባ ነው የማወራው። አዎ፣ እኔ! ባለፈው ስለ ቤት ኪራይ ሳለቅስ የነበርኩት ሰውዬ።

እዚህ እንግሊዝ አገር ብሉቤል የሚሉት የዱር አበባ አለ። ሰማያዊ ደወል እንደማለት ነው። ማንም አይዘራውም፣ ራሱ ነው የሚወጣው። ጫካ ውስጥ፣ ትልልቅ ዛፎች ሥር። የሚያብበው በኤፕሪልና በሜይ ነው፣ የእኛ ፋሲካ አካባቢ በሉት። በዓለም ላይ ካለው ብሉቤል ግማሽ ያህሉ ያለው እዚችው ደሴት ላይ ነው ይባላል።

ለምን በዚያ ወቅት? ዛፎቹ ገና ቅጠል ስላላወጡ ነው። ቅጠሉ ከሞላ ፀሐይ መሬት አትደርስም። ስለዚህ ብሉቤል ይሽቀዳደማል። ከሥሩ ሽንኩርት የምታህል ስንቅ አለችው፣ በሷ ቶሎ ይወጣል፣ ያብባል፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይጠፋል። አዲሳባ ታክሲ ሳይሞላ ቦታ እንደሚይዝ ሰው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ምሥራቅ ለንደን፣ ዋንስቴድ ፓርክ ነው። እዚያ ሻሌ ዉድ የምትባል ትንሽ ጫካ አለች። ከሩቅ ስታዩት አበባ አይመስልም። ጭስ መሬት ላይ የተኛ ነው የሚመስለው፣ ሰማያዊ ጭስ። ሐምራዊም አለበት። ፎቶ ላይ ደግሞ በፍጹም አይወጣም፣ አትድከሙ።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ።

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። መንገዱ ግራና ቀኙ ግንድ ተጋድሞበታል፣ ከዚህ አትለፉ ለማለት ነው። እኔ ምን አውቄ! ግንዱን ተሻግሬ ገባሁና አንድ እቅፍ ቀጠፍኩ። ለእናቷ ትወስዳለች ብዬ።

ምን አጠፋሁ? እኔ ያደግኩት አደይ አበባ እየለቀምኩ ነው። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሜዳ ወጥተን፣ እስኪመሽ ለቅመን፣ ለእህቶቼ ለአበባየሆሽ እንሰጥ ነበር። እኛ ዘንድ አበባ ካማረ ይቀጠፋል። ቤት ይገባል፣ ለሰው ይሰጣል። ሳይቀጠፍ ሜዳ ላይ የቀረ አደይማ ፈላጊ ያጣ ነው።

ከኋላዬ «ኤክስኪዩዝ ሚ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ውሻ የያዙ አሮጊት ናቸው። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። እግሬን ነው የጠቆሙት። አየሁት። የረገጥኩት ቅጠል ሁሉ ተጨፍልቋል። «የእኔ ጌታ፣ ይሄ እኮ እስኪመለስ ዓመታት ይፈጅበታል» አሉኝና ሄዱ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። ፈረንጅ ለውሻና ለአበባ ያለው ርኅራኄ አልኩ በሆዴ። እጄ ደግሞ ተጣብቋል። ከአገዳው የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ድሮ የፍላጻ ላባ ይያያዝበት፣ መጽሐፍም ይጠረዝበት ነበር ይላሉ። ያኔ ግን አላወቅኩም፣ ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት።

«አባዬ፣ መርዝ እኮ ነው። እጅህን አፍህ ውስጥ እንዳታስገባ» አለች ልጄ። ትምህርት ቤት ተምራዋለች።

ማታ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ልክ ነበሩ። ቅጠሉ ከተረገጠ ለከርሞ የሚሆን ስንቅ መሥራት አይችልም። ከዘር የበቀለ ብሉቤል አበባ እስኪያወጣ አምስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ያ ሁሉ ሰማያዊ መሬት የስንት ዘመን ሥራ እንደሆነ አስቡት። እንዲያውም ብሉቤል በብዛት ካለ ጫካው ጥንታዊ ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ጥንታዊ ሲሉ ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቢያንስ ከ1600 ጀምሮ ጫካ ሆኖ የቆየ ማለታቸው ነው። ሕግም አለው። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1981 በወጣው ሕግ የባለመሬቱ ፈቃድ ሳይኖር የዱር ተክል ከነሥሩ መንቀል ክልክል ነው። ከ1998 ወዲህ ደግሞ ብሉቤልን ከዱር ቆፍሮ መሸጥም ተከልክሏል።

የቀጠፍኩት አበባ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ በማግሥቱ ጠወለገ። ለእናቷም አላማረም።

በነገራችን ላይ፣ ስኮትላንድ ሄዳችሁ ብሉቤል ብትሉ ሌላ አበባ ሊያሳዩዋችሁ ይችላሉ። እሱን እንተወው፣ እነሱም ገና አልተስማሙበትም።

ከዚያ በኋላ ልጄና እኔ ብሉቤል መፈለግ ያዝን። ከፎቃችን ጀርባ አጥር ሥር ብሉቤል በቅሎ ሳገኝ ሮጬ ጠራኋት። ጎንበስ ብላ አየችና «ይሄ የስፔኑ ነው» አለችኝ።

ልዩነቱን ያሳየችኝ እሷ ናት። የእንግሊዙ አገዳው ጫፍ ላይ ይጎብጣል፣ ደወሎቹም በአንድ ወገን ይንጠለጠላሉ። ጠባብ ናቸው፣ ጫፋቸው ወደ ላይ ተጠቅልሏል። ውስጡ ያለው የአበባ ዱቄት ነጣ ያለ፣ ክሬም መሳይ ነው። ሽታው ደስ ይላል። የስፔኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ደወሎቹ ዙሪያውን ናቸው፣ ዱቄቱ ሰማያዊ ነው። ሽታው ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ሰው ለጓሮ ብሎ ነው ያመጣው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን። አሁን ከአገሬው ጋር እየተዳቀለ አሳስቧቸዋል።

የሚጽፉትን ሳነብ «መጤ»፣ «ወራሪ»፣ «የአገሬውን ሊያጠፋ» ይላል። ቆይ፣ ስለ አበባው ነው ወይስ ስለ እኔ? ስቄያለሁ። ግን ሙሉ በሙሉ አልሳቅኩም። ጭንቀታቸው ይገባኛል፣ ያ ሰማያዊ ጭስ ቢጠፋ እኔም ይከፋኛል። ያም ሆኖ ያንን አጥር ሥር ያለውን ልነቅለው አልቻልኩም። እስከ ዛሬ አለ።

ዘንድሮ ለእናቴ ላሳያት ብዬ ከሻሌ ዉድ በቪዲዮ ደወልኩላት። ልጄ አሁን አሥራ ሦስት ሆናለች፣ መንገዱ ዳር ቆማ እግሬን ትጠብቃለች።

«ይሄን ሁሉ አበባ ማን ይለቅመዋል?» አለች እናቴ።

«አይለቀምም እማዬ። ክልክል ነው።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ይታያል።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ቁጢጥ ብዬ ስልኩን ወደ አንዷ አስጠጋሁት፣ ሳልነካት።

«ምነው አንገቷን ደፋች? ምን ሆና ነው?» አለች።

«ምንም አልሆነችም። የእንግሊዞቹ እንደዚህ ናቸው።»

«አይ፣ ጨዋ ናት» አለች እናቴ።