ካርዲኒ፣ ጓንቱና ሳይጠሩት የሚመጣው ካርታ

እሱ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የምንነጋገረው ለመድረክ ምትሃት የሚሆን የመጫወቻ ካርታ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚዘጋጅ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ ምትሃተኛው ካርዲኒ ጓንት ትንሽ ልበል።

እሷ፦ ይኸው! ጓንቱ ሳይነሳ ያለፈ ዝግጅት የለንም እኮ።

እሱ፦ ይነሳ እንጂ እህቴ! ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1895 ዌልስ ውስጥ ሲወለድ ስሙ ሪቻርድ ቫለንታይን ፒችፎርድ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ሆኖ ካርታ ይለማመድ ነበር። ብርዱ አላስችል ሲለው ጓንት አጠለቀ፤ ልምምዱን ግን አላቆመም። በኋላ መድረክ ላይም በነጭ ጓንት ሠራ።

እሷ፦ ጓንቱ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ግን ለአድማጭ ግልጽ አይመስለኝም።

እሱ፦ እንግዲህ ካርታው ከጣቶች ጀርባ ሲደበቅ አስቡት። አንዱ ጎኑ በአመልካች ጣትና በመሐል ጣት መካከል፣ ሌላው ጎኑ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት መካከል ይቆነጠጣል። ተመልካቹ ባዶ መዳፍ ያያል። ከዚያ አውራ ጣት ከኋላ ካለው ክምር አንዲት ካርታ ብቻ ለይቶ ወደ ፊት ያመጣል። አንዲት ብቻ! ሁለት ተያይዘው ከወጡ ነገሩ አበቃ። ይህን ቀጭን ጠርዝ ባዶ ጣት እንኳን በስንት ልምምድ ነው የሚለየው፤ እርሱ በጨርቅ ውስጥ ይለየው ነበር።

እሷ፦ ለዚህ ነው እጅ ከዓይን ይፈጥናል የሚባለው።

እሱ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። እጅ ከዓይን አይፈጥንም። ካርዲኒ መጠጥ ሞቅ ያደረገው ጨዋ ሰው መስሎ፣ ባለ አንድ ዓይን መነጽሩን ሰክቶ ይወጣል። ካርታዎቹ ሳይጠራቸው እጁ ላይ ይመጡበታል። ይጥላቸዋል፣ እንደገና ይመጣሉ። ግራ የሚጋባው እርሱ ራሱ ነው።

እሷ፦ እሺ፣ ግን ያለ ፍጥነት…

እሱ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። የእህቴን ልጅ ይዤ የካርታ ትርኢት አይቼ ነበር። እኔ ዓይኔን ከሰውየው ጣቶች አልነቀልሁም፤ መያዣውን ስለማውቀው እሱኑ ነበር የምጠብቀው። ልጅቷ ግን ፊቱን ነበር የምታየው። አንዲት ካርታ ብቅ ስትል ሰውየው ክው አለ። እሷም ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «እሱም አላወቀም!» አለችኝ። እኔ ጣት ስቆጥር ትርኢቱን ያየችው እሷ ነበረች።

እሷ፦ እንዴት ደስ ይላል! እሱም አላወቀም!

እሱ፦ አየሽ? ዓይን የሚሄደው ባለሙያው ወደሚያይበት ነው። እርሱ ከልቡ ወደ ቀኝ ካየ፣ ግራው እጅ ሳይቸኩል ሥራውን ይጨርሳል።

እሷ፦ የምትለው ገብቶኛል። ሆኖም ዩ ሆ ጂንን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2012 ብላክፑል ላይ በዓለም አቀፉ የምትሃት ውድድር ታላቁን ሽልማት የወሰደው ኮሪያዊ። ምንም አይደናገጥም፣ ፊቱ የረጋ ነው። ካርታዎቹ እጁ ውስጥ ቀለም ሲለውጡ እኔ ትንፋሼ ይቆማል። የማየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው!

እሱ፦ እርሱም አይቸኩልም እኮ።

እሷ፦ አይቸኩልም፣ ግን ጣቱ ፈጣን ነው።

እሱ፦ ይሁን፣ ጣቱ ፈጣን ነው። ሬኔ ላቫንድስ? አርጀንቲናዊው ምትሃተኛ። በዘጠኝ ዓመቱ ቀኝ እጁን በመኪና አደጋ አጣ፤ በአንድ እጁ ሲሠራም ከዚህ በላይ ቀስ ብሎ መሥራት አይቻልም ይል ነበር።

እሷ፦ እርሱ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚሠራ ነበር፤ የመድረኩ ነገር ይለያል። የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለ ሰው ካርታው ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆኖበት ነው የሚያየው።

እሱ፦ ለዚህም ነው እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋው፤ ከሩቅ እንዲታይ።

እሷ፦ በመጨረሻ ወደ ርዕሳችን መጣህ! እንግዲህ ስለ ዱቄቱ ተናገር።

እሱ፦ ዱቄቱ ዚንክ ስቴሬት ነው። ነጭና ልስልስ ነው። ካርታው ላይ በስሱ ሲታሸት አንዱ በሌላው ላይ ሳይጣበቅ ይንሸራተታል፤ ማራገቢያውም እኩል እኩል ሆኖ ይከፈታል። ካርታውን ደግሞ ቀጭን ምረጡ። ከጣት ጀርባ ብዙ ካርታ መያዝ የሚቻለው ቀጭን ከሆነ ነው፤ ወፍራም ክምር ጣቶችን ያፋታል፣ ያን ጊዜ ከፊት በኩል ይታያል።

እሷ፦ ጎን የተቀመጠውስ? እኔ ዳር ሆኜ የተደበቀውን ክምር አይቼ አውቃለሁ።

እሱ፦ የእጁ አቅጣጫ የሚለካው ከዳርና ከዳር በተቀመጡት ነው። ከትርኢቱ በፊት ሁለቱም ጫፍ ላይ ሰው አስቀምጦ ማስፈተሽ ይገባል።

እሷ፦ ፊቱንም ያስፈትሽ በለኛ፤ ያንተን ሐሳብ ከተቀበልን።

እሱ፦ ግማሹን ተቀበልሽኝ ማለት ነው!

እሷ፦ ግማሹን። የዩ ሆ ጂን እጅ ግን የእኔ ነው፤ በሚቀጥለው ዝግጅት ከእርሱ እንጀምራለን።