ቲዎሪው ከልብ ወለዱ ሲቀድም

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጅማ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ድምፁ ከገባባችሁ ታገሱኝ።

ዛሬ የማወራው ሥነ ጽሑፍ ለሚያጠኑ ልጆች ነው። በተለይ ዘመናዊ የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብና ሂስ ለጀመራችሁ። ኮርሱን በጣም እወደዋለሁ። የማልወደው አያያዛችንን ነው። ጽሑፍ የሚነበብባቸው መንገዶች የተዘረዘሩበት ሃንድአውት ይሰጠናል፤ ፎርማሊዝም (የአጻጻፉን ቅርጽ የሚያይ)፣ ስትራክቸራሊዝም (ከሥር ያለውን መዋቅር የሚያይ)፣ ማርክሲዝም (የመደብ ግንኙነትን የሚያይ)፣ ፌሚኒዝም (የሴቶችን ቦታ የሚያይ)፣ ድኅረ ቅኝ ግዛት (የቅኝ ግዛትን አሻራ የሚያይ)። ሁሉንም ለፈተና እንሸመድዳለን። የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ርዕሱ ቀድሞ ይመጣል፤ «እንዲህ የተባለው ልብ ወለድ ከፌሚኒዝም አንጻር»። መጽሐፉ ገና አልተነበበም! መልሱ ግን ታውቋል፤ ሴቷ ተጨቁናለች። የቀረው ሥራ ማስረጃ መልቀም ነው።

ሰሞኑን ከአንዲት ተማሪ ጋር ቡና እየጠጣን ስናወራ ነበር። የዴዶ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በአፋን ኦሮሞ ነው። የያዘችው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። ርዕሷ «ከማርክሲዝም አንጻር» ይላል።

«እስቲ ርዕሱን ተይውና፣ ስታነቢው ምን ከነከነሽ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ስለቱ» አለችኝ። «በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ወላጆቹ ናቸው። እሱን ማን ጠየቀው?»

ደስ አለኝ። ጥያቄው የወጣው ከመጽሐፉ ነው፤ ከሃንድአውት አይደለም። አሁን ቲዎሪው ሥራ ያገኛል። ፎርማሊስቶቹ ስለቱ የታሪኩን አካሄድ እንዴት እንደያዘው እንድታይ ይረዷታል፤ በዛብህ የሚወዳትን ሰብለ ወንጌልን ሳያያት በፊት የትዳር በር ተዘግቶበታል። ፌሚኒስቶቹ ደግሞ ወደ እናቱ ወደ ውድነሽ ይመልሷታል። ባሎቿ እየሞቱባት የኖረች ሴት ናት። ለእንዲህ ዓይነቷ እናት ልጅን መሳል ምን ማለት ነው? በእግዜር ፊት መደራደር? ልጁን በሕይወት ማቆያ? እዚህ ላይ «ተጨቁናለች» የሚለው መልስ አይበቃም። ማርክሲዝምም ቢሆን አይቀርም፤ የፊታውራሪ መሸሻና የገበሬዎቹ ጠብ ያለ እሱ በደንብ አይነበብም።

ሌላው ልጆቹን የሚያስደነግጠው ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው «የደራሲው ሞት» በተባለው መጣጥፉ የጽሑፉን ትርጉም የሚወስነው የደራሲው ሐሳብ አይደለም ይላል። «ታዲያ ሐዲስ ዓለማየሁ ምን ለማለት ፈልገው ነው?» ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም። ግን የአንድምታ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ትርጓሜ፣ መምህር አንድ ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምር የለም እንዴ? ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። እርግጥ አንድምታ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የታጠረ ነው፤ ባርት ደግሞ አጥሩን ራሱን ነው የሚያፈርሰው። አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ለአንድ ጽሑፍ ብዙ ንባብ መስጠት ለአገራችን ባዕድ አይደለም። ኮርሱ ከዚህ ቢነሳ ልጆቹ እንደዚያ ባልፈሩት ነበር።

ልጅቷ ርዕሷን ቀይራለች፤ አማካሪዋም እሺ ብለዋታል። አሁን ስለቱ የሚነሳባቸውን ገጾች ለብቻ እያወጣች ነው። እናንተም ርዕስ ልታስገቡ ከሆነ፣ እባካችሁ መጀመሪያ መጽሐፉን ጨርሱት። የከነከናችሁን ነገር በራሳችሁ ቃል ጻፉት። ሃንድአውቱን ከዚያ በኋላ ክፈቱት።