ፊልሙ ነው የደበዘዘው ወይስ አምፖሉ?

[ስክሪኑ ጥቁር። ለአራት ሰከንድ ድምፅ የለም።]

ስልካችሁ አልተበላሸም፣ አትንኩት። ባለፈው ሲኒማ ገብቼ ያየሁት ይሄንን ነው። እሺ፣ ትንሽ አጋንኛለሁ፤ ግን ትንሽ ብቻ። ፊልሙ ውስጥ መሽቷል፣ ሁለት ሰዎች ጫካ መሀል ይደባደባሉ፣ ማን ማንን እየመታ እንደሆነ የሚያውቀው እግዜር ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ምን ዓይነት ጨለማ ፊልም ነው የሠሩት!» አለና ስልኩን አወጣ። ከዚያ በኋላ በኛ ረድፍ ፏ ብሎ የሚታየው የሱ ቲክቶክ ብቻ ሆነ።

ነገሩ ሲከነክነኝ ቆየ። ልጁ ያማው ዳይሬክተሩን ነው። ዳይሬክተሩ ግን ምናልባት ምንም አላጠፋም።

[ርዕስ ይገባል።]

ሰው ለምን ሲኒማ መግባት ተወ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ ዩቲዩብ፣ ኔትፍሊክስ፣ ቴሌግራም። ሐሰት አይደለም። ስንት የአማርኛ ፊልም ዛሬ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ይታያል! ሪያድ ወይ ቤይሩት ሰው ቤት ለምትሠራ እህታችን ደግሞ ያለው ሲኒማ ስልኳ ላይ ያለው ነው፣ እሷን ማን ይወቅሳታል? ግን ይሄ መልስ ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች ጥሩ ማምለጫ ሆኗቸዋል። «ዘመኑ ነው» ይላሉ። ጥፋቱ የዘመኑ ከሆነ አምፖል መቀየር አይጠበቅባቸውማ።

ደግሞ ሳሎን ከሲኒማ ጋር ሲፎካከር ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።) አሜሪካ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴሌቪዥን ቤት ለቤት ሲገባ ሲኒማ ቤቶች መራቆት ጀመሩ። ምን አደረጉ? ስክሪኑን ለጠጡት። በ1952 ሲኔራማ መጣ፤ ሦስት ፕሮጀክተሮች ጎን ለጎን ሆነው አንድ የተጠማዘዘ ግዙፍ ስክሪን ይሞላሉ። በዓመቱ ሲኒማስኮፕ የሚባል ሌላ ሰፊ ስክሪን ተከተለ። በ1960 ደግሞ ወደ ወንበሮቹ በተዘረጋ ቱቦ ሽታ የሚለቅ ሲኒማ ሁሉ ሠርተው ነበር፣ አንድ ፊልም ላይ ተሞክሮ እዚያው ቀረ። (እኛ ጋ ሽታው ያለ ቱቦ ነው የሚመጣው፣ ከሽንት ቤት በኩል።) የተሳካውም ያልተሳካውም መነሻው አንድ ነው፤ ሰውየው ሳሎኑ ውስጥ የሌለውን ነገር ለመስጠት።

ዛሬ የሆነው ግልባጩ ነው። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ሰፋ፣ ደመቀ። የሲኒማው ስክሪን ደበዘዘ።

[ምስል፦ የፕሮጀክተር ሆድ ተከፍቶ፣ አምፖሉ ይታያል።]

ይሄ ዜኖን የሚባለው አምፖል ነው። ውስጡ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ጋዝ ስላለ ሲፈነዳ እንደ ቦምብ ነው፤ ኦፕሬተሩ ሲቀይረው ፊቱን ተሸፍኖ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቆ ነው። ውድ ነው። የክፋቱ ክፋት ደግሞ እንደ ቤታችን አምፖል ድው ብሎ አይቃጠልም፣ በሰዓት ብዛት ቀስ እያለ ይደክማል። ዛሬ ካለፈው ሳምንት ትንሽ ይቀንሳል፣ በሚቀጥለው ወር ከዛሬው። ዓይን ይለምደዋል። ባለቤቱ «አሁንም ይበራል እኮ» ብሎ ዕድሜው ካለፈ በኋላም ያሠራዋል። ማንም አይነቃበትም፣ ምክንያቱም ተመልካቹ የሚያማው ፊልሙን ነው።

ለዲጂታል ሲኒማ የወጣ መለኪያ አለ። ነጭ ምስል ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ብርሃኑ 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ቁጥሩን እርሱት፣ ይቺን ብቻ ያዙልኝ፦ የእጅ ስልካችሁ ሙሉ ሲደምቅ ብዙ ጊዜ ከ500 በላይ ነው። ከአሥር እጥፍ በላይ! ለዚህ ነው ሦስት ረድፍ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠ ሰው «ሰዓት ብቻ ልይ» ብሎ ስልኩን ሲያበራ ዓይናችሁ ያለ ፈቃዳችሁ ወደሱ የሚሄደው። ነገረኛ ሆናችሁ አይደለም። ዓይን ወደሚያበራው ነው የሚሄደው።

ለብርሃኑ ችግር ሁለት ዓይነት መፍትሔ አለ። ውዱ ሌዘር ፕሮጀክተር ነው፤ አምፖል የለውም፣ ብዙዎቹ 20 ሺህ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሠራሉ። ርካሹን ግን ማንም አያወራውም። በኦፕሬተሩ ክፍልና በአዳራሹ መካከል አንዲት ትንሽ መስታወት አለች፣ ፊልሙ የሚያልፈው በሷ ነው። አቧራ ከጠጣች ምስሉም አቧራ ይጠጣል። ጨርቅ! በቃ ጨርቅና ሁለት ደቂቃ። ሌላው የስሪዲ ማጣሪያ ነው። ስሪዲ ፊልም (በመነጽር የምናየው) ሲታይ ሌንሱ ፊት የሚገባው ማጣሪያ ከብርሃኑ ከግማሽ በላይ ይበላል። ተራ ፊልም ሲታይ መነሳት አለበት። አንዳንዴ ይረሳል።

[ምስል፦ ጨለማ አዳራሽ፣ አንድ ስልክ ይበራል። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።]

እሺ፣ ስልኩስ? ኦስተን፣ ቴክሳስ በ1997 የተከፈተ አላሞ ድራፍትሃውስ የሚባል ሲኒማ ቤት አለ። ሕጉ ለዓመታት አጭር ነበር፤ ካወራህ ወይም ስልክ ከነካህ አንዴ ትነገራለህ፣ ከደገምክ ትወጣለህ፣ ብርህም አይመለስም። በ2011 ከአዳራሽ የተባረረች አንዲት ሴት ደውላ የስድብ መዓት የድምፅ መልእክት ትታላቸው ነበር። እነሱ ምን አደረጉ? መልእክቱን ከፊልም በፊት የሚታይ ማስታወቂያ አደረጉት። ሰው እንዲህ ያለ ቦታማ ይሸሻል ትላላችሁ። አልሸሸም፣ ሌሎች ከተሞችም ውስጥ ተስፋፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ የአሜሪካው ትልቅ የሲኒማ ቤቶች ኩባንያ የኤኤምሲ ኃላፊ ደግሞ ወጣቱን ለመሳብ አንዳንድ አዳራሽ ውስጥ ስልክ መነካካት ልንፈቅድ እንችላለን ብሎ ነበር። ሕዝቡ ተንጫጫ፣ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ሰረዘው።

እዚህ ላይ ግን ፈረንጁን እንዳለ እንገልብጥ አልልም። እኔ ያደግኩት ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ በሽልንግ የህንድ ፊልም እያየን፣ «ከኋላህ ነው!» ብለን አክተሩን እናስጠነቅቃለን፣ ቀድሞ ያየው ልጅ ደግሞ «አትፍሩ፣ አክተሩ አይሞትም» እያለ ያረጋጋናል። ጫጫታው የፊልሙ ግማሽ ነበር። ዛሬም የአማርኛ ኮሜዲ ሞቅ ካለ አዳራሽ ጋር ስታዩትና ብቻችሁን ላፕቶፕ ላይ ስታዩት ሁለት የተለያየ ፊልም ነው፤ ቀልዱ አንድ ነው፣ ሳቁ ግን ይጋባል። ስለዚህ ከፊልሙ ጋር የሚጮህና ከፊልሙ ውጭ የሚጮህ ይለያያሉ። ያጨበጨበውን ተዉት። «አሁን ሲኒማ ነኝ፣ ቆይ፣ አይ አይ፣ አውራ» የሚለውን ግን አስተናጋጁ ትከሻውን ነካ አድርጎ ወደ ውጭ ይጋብዘው። ለዚህ ሌዘር አያስፈልግም፣ ደፋር አስተናጋጅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ድምፅ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን ሳልናገረው ካለፍኩ ይቆጨኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም የሚታይባቸው አንዳንድ አዳራሾች ለስብሰባና ለመድረክ ቴአትር የተሠሩ ናቸው። ባዶ ግድግዳ፣ ባዶ ጣሪያ። ድምፁ ግድግዳ መትቶ ይመለስና ከራሱ ጋር ይላተማል፣ ተዋናይዋ «እወድሃለሁ» ትበል «እወቅስሃለሁ» አይለይም። ከዚያ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ድምፁን ይጨምራል! ባሰ እንጂ አልተሻለም። ወፍራም መጋረጃ ጎንና ጎን፣ ምንጣፍ መሬት ላይ፣ ለውጡን ትሰሙታላችሁ።

አሁን ወደ ብር። ሆሊውድ ፊልም ላይ ከትኬቱ በግምት ግማሹ ለፊልሙ ባለቤት ነው የሚሄደው፣ ሲኒማ ቤቱ የሚያተርፈው ከፈንዲሻውና ከለስላሳው ነው። ለዚያ ነው ቡና ሲፈላ በነፃ የምንቆረጥመው ፈንዲሻ እዚያ ሲገባ የሚከብረው። ሁለተኛው ገቢ ማስታወቂያ ነው። ኤኤምሲ በ2025 ድረ ገጹ ላይ ፊልሙ የሚጀምረው ከተጻፈው ሰዓት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ዘግይቶ ነው ብሎ በግልጽ መጻፍ ጀመረ። ሳየው ሳቅኩ፣ ቆይቼ ሳስበው ግን ትክክል ነው። ማስታወቂያውን አሳዩ፣ ግን ሰዓቱን ንገሩን።

ዋጋ ላይ ብልጥ ልሁን ያለው ሁሉ አልቀናውም። ሙቪፓስ የሚባለው ድርጅት በ2017 በወር 9.95 ዶላር በየቀኑ ፊልም ግቡ አለ፣ ለሲኒማ ቤቶቹ ግን ሙሉውን ትኬት ራሱ ነበር የሚከፍለው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፤ በ2020 መጀመሪያ ከሰረ። ሆኖም አንድ ነገር አሳይቶ ሄደ፤ ሰው በየጊዜው ኪሱን መዳሰስ ሲቀርለት አዘውትሮ ይገባል። ኤኤምሲ ራሱ በ2018 በወር 19.95 ዶላር በሳምንት እስከ ሦስት ፊልም የሚል ወርሃዊ ክፍያ ጀመረ፣ ያኛው ቆየ። ያው ኩባንያ በ2023 መሀል ወንበር ይወደድ፣ ፊት ረድፍ ይርከስ ብሎ ሲሞክር ደግሞ ሰው ፊት ነሣው፣ በወራት ውስጥ ተወው።

የኛ ከተማ ችግር ግን ከትኬት በኋላ ነው የሚጀምረው። የማታው ፊልም ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይለቃል። ሚኒባስ ሳስቷል፣ ሰልፉ ረዝሟል፣ በስልክ የሚጠራው ታክሲ ከትኬቱ በላይ ይጠይቃል። ከጓደኛዋ ጋር የመጣች ልጅ የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ የምታየው ፊልሙን አይደለም፣ ሰዓቷን ነው። (አዎ፣ ስልኳ ላይ። 500 ካንዴላ።) ፊልሙን አሥር ሰዓት ተኩል ጀምሩት፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰው መንገድ ላይ ይሁን። ለምን ሁሉም ዋናውን ፊልም ማታ ላይ እንደሚቸክለው አይገባኝም።

[ምስል፦ የአዳራሹ በር፣ ትኬት የሚቆርጠው ልጅ ከጀርባ።]

ወደዚያ ጨለማ ፊልም ልመለስ። አልነገርኳችሁም እንጂ መሀል ላይ ተነስቼ ወጥቼ ነበር። ትኬት የሚቆርጠውን ልጅ «ወንድሜ፣ ባለፈው የስሪዲ ፊልም ነበር እንዴ እዚህ አዳራሽ?» አልኩት። «አዎ፣ እስከ ትናንት» አለኝ። «ማጣሪያው ተነስቷል?» ስለው ትክ ብሎ አየኝና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

ገብቼ ሳልቀመጥ ስክሪኑ ቦግ አለ። ጫካው አረንጓዴ ነበር ለካ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ አንዱ ከኋላ «መብራት መጣ!» ብሎ ጮኸ፣ አጠገቤ ያለው ልጅ ስልኩን ኪሱ ከተተና «ይሄኛው ነው እንዴ ሲመታ የነበረው?» አለኝ።