ጳጉሜንስ የት ጣላት?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ የደብረ ማርቆስ ሰዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም በስልካችሁ ስትጠይቁት በጽሑፍ የሚመልስላችሁ ማሽን፣ ከመመለሱ በፊት እንዲያስብ እንዴት እንደሚሠለጥን ነው። የምጀምረው ግን ከአጎቴ ነው።

አጎቴ በልጅነቱ ዋሸራ ቅኔ ቆጥሯል። ዛሬ ገበሬ ነው። ባለፈው ክረምት ከአናጺ ጋር ቀጠሮ ይዞ ኖሮ፣ «ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 10 ስንት ቀን እንደሆነ ያንን ስልክህን ጠይቅልኝ» አለኝ። ጠየቅሁ። ዓይኔን ሳልጨፍን መልሱ መጣ፤ «15 ቀን»። አጎቴ ጋቢው እስኪወድቅ ሳቀ። «ጳጉሜንስ የት ጣላት?»

አፈርሁ። «ቀስ ብለህ፣ ደረጃ በደረጃ አስበህ መልስ» ብዬ ድጋሚ ጻፍሁለት። አሁን ዘርዘር አደረገው። እስከ ነሐሴ 30 አምስት ቀን፣ ጳጉሜን አምስት፣ ከመስከረም አሥር፤ በጠቅላላው 20። ዘመነ ሉቃስ ከሆነ ግን ጳጉሜን 6 ስለምትሆን 21 ይሆናል ብሎም ጨመረ። አጎቴ አነበበና፣ «አየህ፣ ቅድም ቆጠራ ሳይወጣ ነው ለነገራ የመጣው» አለኝ።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ተከናንቦ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። ቃል ያነሣል፣ ይጥላል፣ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል፣ ቤት አልመታ ሲለው ያፈርሰዋል። ይህ ቆጠራ ነው። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። የኔታ ያርማሉ፤ ካማረም «ይበል!» ይላሉ።

ማሽኑስ? ሞዴል የሚጽፈው ቁርጥራጭ ቃል አንድ በአንድ እየቀጠለ ነው። ቁራጯን ቶከን ይሏታል። ለአንዷ ቶከን የሚያወጣው ጉልበት ልክ አለው። በቀጥታ ቁጥር ካስጻፋችሁት ሒሳቡን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አለበት። መንገዱን እንዲጽፍ ከፈቀዳችሁለት ግን የጻፈውን መልሶ እያየ ይቀጥላል። አምስቷን እዚህ፣ አሥሯን እዚያ ያስቀምጣል። ጽሑፉ እንደ ጠጠር መቁጠሪያ ያገለግለዋል።

የጉግል ተመራማሪዎች ይህን በ2022 አሳዩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ አጎቴ ይቅር ይበለኝ።) በዚያው ዓመት የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ሰዎች «ደረጃ በደረጃ እናስብ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ውጤቱን እንደምታሻሽል አሳዩ። እኔም ለአጎቴ ያደረግሁት ያንኑ ነው።

ይህ ግን ልመና እንጂ ሥልጠና አይደለም። የአሜሪካው ኩባንያ ኦፕን ኤአይ፣ ከመመለሱ በፊት እንዲያስብ የሠለጠነውን ኦ1 የተባለ ሞዴል ያወጣው በመስከረም 2024 ነው፤ ዝርዝሩን ግን ለራሱ ያዘው። በጥር 2025 የቻይናው ኩባንያ ዲፕሲክ አር1 የተባለውን ሞዴሉን ሲያወጣ አሠራሩን ጽፎ ለሕዝብ ለቀቀ። ነገሩ ሲገለጥ የሚገርመው ቅለቱ ነው። መልሱ የሚታወቅ የሒሳብ ጥያቄ ይሰጡታል። ያንኑ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይሞክራል። ሙከራዎቹ እርስ በርስ ይወዳደራሉ፤ ትክክለኛ መልስ ላይ የደረሱት «ይበል» ይባላሉ፣ ያመጣቸውም መንገድ ይጠነክራል። የሳቱት ይዳከማሉ። ይህ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል።

አር1 ዜሮ በሚባለው ሙከራቸው እንዴት እንደሚታሰብ በምሳሌ ያስተማረው ሰው አልነበረም። ሆኖም ሐሳቡ እየረዘመ ሄደ። መሐል ላይ «ቆይ» እያለ ወደ ኋላ ተመልሶ ራሱን ማረም ጀመረ። ለአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚሰጥ ከባድ የሒሳብ ውድድር ላይ ከ15.6 በመቶ ተነሥቶ 71 በመቶ ደረሰ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ። እዚህ ላይ መምህሩ የሚያየው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው። የኔታ እንዲህ አያደርጉም፤ እያንዳንዱን ቤት ይፈትሻሉ። በ2023 ኦፕን ኤአይ ራሱ የየኔታን መንገድ ሞክሮት ነበር። 800,000 ያህል የሒሳብ እርምጃዎችን ሰዎች አንድ በአንድ አዩለት። ጥሩ ውጤት አመጣ። ግን የሰው ጉልበት ይበላል፤ የመጨረሻዋን መስመር ማየት ይረክሳል፤ የረከሰው አሸነፈ። እኔ ግን አሁንም ለየኔታ አደላለሁ።

ምክንያት አለኝ። ክሎድ የተባለውን ሞዴል የሚሠራው ኩባንያ አንትሮፒክ በ2025 ሞዴሎችን ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን የሚጠቁም ፍንጭ ጣል አደረገላቸው። ፍንጩን ተጠቀሙበት። ሐሳባቸውን ሲጽፉ ግን ፍንጩን አየን ያሉት ጥቂት ጊዜ ነው፤ የራሱ ሞዴል ክሎድ 3.7 ሶኔት 25 በመቶ፣ አር1 39 በመቶ። የሰው ቅኔ ይዞ መጥቶ «ከዛፉ ሥር የቆጠርሁት ነው» እንደሚል ተማሪ ማለት ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ «እያሰብሁ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ስታዩ፣ የልቡን ነገራችሁ ብላችሁ አትመኑ።

ሌላም አለ። አር1 ዜሮ ሲያስብ እንግሊዝኛና ቻይንኛ ይቀላቅል ነበር። ይህን ለማስተካከል ለተከታዩ ለአር1 በአንድ ቋንቋ ሲያስብ ተጨማሪ ነጥብ ሰጡት፤ ትንሽ ችሎታም ቀነሰበት። እኔ በአማርኛ ጠይቄ ሐሳቡን ስከፍተው ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው የማገኘው። ጳጉሜን የምትጠፋውም ወዲያ ማዶ ይመስለኛል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ኮምፒውተሩ የለንም፤ እሺ። ጥያቄው ግን አለን። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብን ውሰዱ። የ2017ን አበቅቴ እናውጣ፤ አሁን በራሳችን ዘመን ነው። 5500 ሲደመር 2017፣ 7517 ነው። በ19 ስንገድፈው 12 ይተርፋል። አንዱን ለዘመኑ ትተን ወንበሩ 11። በ11 አባዝተን 121፣ በ30 ስንገድፈው አበቅቴ 1። ወንበሩን በ19 ካባዛነው 209፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29። 1 እና 29፣ 30 ሆኑ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልመጡ መንገድ ላይ ስተናል። ማረሚያውን አባቶች ከጥያቄው ጋር ሰፍተው ነው የሰጡን። ለሥልጠና የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ በአማርኛ የተጠየቀ፣ መልሱ ማሽን ሊያርመው የሚችል፣ እርምጃውም የሚታይ።

ስትወጡ በሩ አጠገብ ደብተር ተቀምጧል። የጤፍ ሒሳብ፣ የዕቁብ ሒሳብ፣ የጾም ቀን፣ ያላችሁን ጥያቄ ከነመንገዱ ጻፉበት። የመጀመሪያውን ገጽ አጎቴ ሞልቶታል። ከሁለተኛው ጀምሩ።