«በሽልም ያውጣሽ» ሲሉኝ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ኮምቦልቻ ሞቃለች፣ መስኮቱን ከፍቼዋለሁ። የውኃ ድምፅ ከሰማችሁ ባሌ ነው፣ ሞተሩን እያጠበ።

አምና ደሴ ፒያሳ ላይ አንዲት የእናቴ ጎረቤት አቅፈው ሳሙኝ። ሆዴን ዳበስ አድርገው፣ «እሰይ! በሽልም ያውጣሽ» አሉኝ። «አሜን» አልኩ። ምን ልበል? አላረገዝኩም። ከተጋባን ሦስት ዓመታችን ነበር።

ሆዴ ግን እውነትም ገፍቷል። የወር አበባዬ ዘጠኝ ቀን ይፈሳል። ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል፤ ደም ማነስ ነው ለካ።

አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ሐኪሙ «ማህፀንሽ የ14 ሳምንት እርግዝና ያክላል» ሲለኝ ክው አልኩ። ያደገ ማህፀን በእርግዝና ሳምንት ይለካል አሉ። ልጅ ያማረው ሰው ፊት ሌላ መለኪያ ቢፈልጉ ምናለ?

ማዮማ ነው። የማህፀን ጡንቻ ላይ የሚበቅል እጢ፤ ካንሰር አይደለም። አዴኖማዮሲስ የሚባልም አለ፣ የማህፀኑ የውስጥ ሽፋን ጡንቻው ውስጥ ገብቶ ማህፀኑን የሚያወፍር። የኔ እሱ አይደለም።

«ይውጣ» አለኝ ሐኪሙ። እጢውን መስሎኝ እሺ ልል ነበር። ማህፀኑን ኖሯል! ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ሐኪም ወረቀት ጀርባ ላይ ማህፀን ሳለችልኝ። እጢዎቼ ሁለት ናቸው፦ ውጭ ላይ ትልቅ ክብ፣ ውስጥ ትንሽ ነጥብ። እስክሪብቶዋን ነጥቧ ላይ አሳርፋ፣ «ትልቁ ለእርግዝና ብዙም አያስቸግርም። ጽንስ የሚያርፍበት ቦታ የገባችው ይቺ ናት ጉደኛዋ» አለች። ትንሿ በማህፀን በር በሚገባ ካሜራ እየታየች ተቆርጣ ትወጣለች፣ ሆድ ሳይከፈት። ትልቁም ቢያስፈልግ ማህፀኑ ሳይወጣ፣ እጢው ብቻ ተለይቶ ይወጣል፤ ከዚያ ግን ለማርገዝ ወራት መጠበቅ አለ፣ መውለዱም በኦፕራሲዮን ሊሆን ይችላል። የሚያሟሽሸው መድኃኒትስ? እየወሰዱት አይረገዝም፤ ሲቆም እጢው ተመልሶ ያድጋል።

ከዚያ ቀና ብላ፣ «ባልሽስ ተመርምሯል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በእናቴ በኩል ጸበሉ፣ በአባቴ በኩል ዱአው፣ ሁሉም ለኔ ብቻ ነበር።

ስነግረው «እኔ ምን ሆኜ?» አለ። እናቱ ናቸው ቡና እየቀዱ፣ «አብሽር፣ ሂድ እንጂ፣ አይነክሱህ!» ያሉት። ሄደ።

ውጤቱ ነገ ነው። ሞተሩን ከጠዋት ጀምሮ ሲያጥብ ይሄ ሦስተኛው ነው።