ከሐኪም እጅ ወደ ነርስ እጅ

[ምስል፦ ብብት ስር የተያዘ ቴርሞሜትር]

ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ካርድ እንዳወጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምታገኙት ነርስ ነው። ትኩሳት፣ ደም ግፊት፣ የልብ ምትና ትንፋሽ ተለክቶ ይመዘገባል። «ሲስተር፣ ስንት ሆነ?» ብለን እንጠይቃለን። ይህ ሥራ ግን ከመጀመሪያው የነርስ አልነበረም።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቴርሞሜትር 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር፤ አንዴ ለመለካትም 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። በ1866 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ኦልበት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በ5 ደቂቃ የሚነበብ ቴርሞሜትር ሠራ። መሣሪያው ሲቀልል ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ነርሶች ተላለፈ። የደም ግፊት መለኪያውም በኋላ በዚሁ መንገድ መጣ፤ ግሉኮስ በደም ሥር መስጠትም እንዲሁ።

[ምስል፦ የስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ሥዕል]

ያለ መዝገብ ግን መለካት ብቻውን ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ትመጣለች። ብዙ ጊዜ ፋኖስ ይዛ ስትዞር ነው የምትሳለው፤ እኔ ግን ትልቁ ሥራዋ መዝገቧ ነው ባይ ነኝ። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በኅዳር 1854፣ 38 ሴቶችን ይዛ ኢስታንቡል አጠገብ ስኩታሪ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ስትደርስ ወታደሩን ከቁስሉ ይልቅ ተቅማጥ፣ ኮሌራና ታይፈስ ይጨርሱት ነበር። ከመጋቢት 1855 ጀምሮ ከለንደን የተላከ ኮሚሽን የሆስፒታሉን የተደፈነ የፍሳሽ ቦይ አስጠርጎ አየሩ እንዲናፈስ ካደረገ በኋላ ሟቹ በእጅጉ ቀነሰ። እሷም ከጦርነቱ በኋላ ቁጥሮቹን በሥዕል አስቀምጣ ለባለሥልጣናቱ አቀረበች። በ1860 ደግሞ ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ።

[ምስል፦ ልዕልት ፀሐይ በነርስ ልብስ]

ወደ እኛ አገር ስንመጣ የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ሳላነሳ አላልፍም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በስደት እንግሊዝ ሳለች ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች፤ በ1939ም ተመረቀች። የንጉሥ ልጅ የሕመምተኛ አልጋ ስታነጥፍ ማየት በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ከነፃነት በኋላ አገሯ ገባች፤ ግን በነሐሴ 1942 ለቀምት (ነቀምት) ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። ገና 22 ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በ1951 በስሟ የተከፈተው መታሰቢያ ሆስፒታል፣ የዛሬው ጦር ኃይሎች፣ ነርሶችም የሠለጠኑበት ነው።

ሙያው ከከተማ የወጣው በጎንደር በኩል ነው። ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ላከ።

[ምስል፦ የጤና ጣቢያ ክፍል፣ ጠረጴዛ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ]

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በኤች አይ ቪ ዘመን ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2005 በነጻ መሰጠት ሲጀምር ሐኪሙ ጥቂት፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። ስለዚህ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፤ ነርሶችና ጤና መኮንኖችም ሠልጥነው መድኃኒቱን ራሳቸው ማስጀመር ያዙ። ነርሷ የተረፈውን ኪኒን ትቆጥራለች፣ ክብደት ትለካለች፣ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ መኖሩን ትጠይቃለች። ሳንባ ነቀርሳ ከጠረጠረች ምርመራ ታዝዛለች። ድሮ «ዶክተር ይወስኑ» የሚባለውን እሷው ትወስናለች።

ዛሬ በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ በጨቅላ ሕፃናት፣ በቀዶ ሕክምና ነርሲንግ በዲግሪ የሚያስመርቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ኃላፊነቱ በዚህ ሁሉ ሲጨምር ደመወዙና የሰው ኃይሉ አብሮ አልጨመረም፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ሌሊት ሙሉ ዋርድ ለብቻዋ የያዘች ነርስ የአንዱን ግሉኮስ ስትቀይር የሌላውን ትንፋሽ መቁጠር አትችልም። አዲስ ሥራ ለነርሶች ሲሰጥ ጊዜው፣ ሥልጠናውና ክፍያውም አብሮ መሰጠት አለበት።