እማማ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ?

ውድ የጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ፣ የአራዳና የቂርቆስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አረጋውያን ለክትትል ሲመጡ ግፊትና ስኳራቸውን ብቻ ለክተን አንሸኛቸው። ኑሯቸውንም እንጠይቅ።

"እንዴት ነዎት?" ስንላቸው "ተመስገን" ይሉናል። ጉልበታቸውን እየቆረጠማቸውም ተመስገን ነው። እምነታቸው ነው፣ ጨዋነታቸውም ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ውሏቸው ውስጥ ይግባ። "እማማ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ? ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ በእግርዎ ይሄዳሉ? ቡና የሚጠራዎት ጎረቤት አለ?" "ዘንድሮስ ትቻለሁ" ካሉ ምክንያቱን እንፈልግ። ጉልበት ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ወይም ሽንት መቋጠር አለመቻል ሊሆን ይችላል። ሐዘንም ሊሆን ይችላል። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ሰፈራቸው ተነስቶ ዕድራቸውና ቡና አጣጮቻቸው የተበተኑባቸው አሉ።

ልጅ አብሮ ሲመጣ ደግሞ መልሱን የሚሰጠው ልጁ ነው። እባካችሁ፣ መጀመሪያ እሳቸውን እንስማ።

አንዲት ጥያቄ በተለይ አትርሱብኝ፦ "ሌሊት ሽንት ቤት እንዴት ይሄዳሉ?" በብዙ የቀበሌ ቤቶች ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ የጋራም ነው። እንዳይወድቁ ፈርተው ውሃ የሚቀንሱ፣ ለግፊት የሰጠናቸውን የሚያሸና መድኃኒት የሚዘሉ አሉ። እኛ ካርዱ ላይ "መድኃኒት በአግባቡ አይወስዱም" ብለን እንጽፋለን። ይሄ ያሳዝነኛል። ማታ የሚወስዱትን ወደ ጠዋት ማዞር ብቻ እንኳ ብዙ ያቀልላቸው ነበር።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ባወጣው መመሪያ ማስታወስን፣ እንቅስቃሴን፣ አመጋገብን፣ ማየትን፣ መስማትንና ስሜትን እንድናይ ይመክራል። ለእንቅስቃሴ አንድ ወንበር ይበቃል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ብድግ ቁጭ ይበሉ፤ እኛም አጠገባቸው እንቁም። በ14 ሰከንድ ካልጨረሱ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ለማስታወስ ደግሞ ሦስት ቃላት ነግረን፣ ቆየት ብለን መልሰን እንጠይቃለን።

ሰልፉ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ቀጠሮ እንሥራው። ብቻ ከሰኞ ጀምሮ በየካርዱ አንድ መስመር እንጨምር፦ "ማድረግ የሚፈልጉት ነገር"። "ንግሥ መሄድ" ካሉ እንደዚያው ይጻፍ። በቀጠሯቸው ከግፊቱ ቁጥር እኩል እንየው።

አመሰግናለሁ።